አባቴ ያስቀመጡት ጋዜጣ

አባባ አንድ የጋዜጣ ገጽ አስቀምጠዋል። አራት ላይ ታጥፎ የጡረታ ደብተራቸው ውስጥ፣ ከመታወቂያቸውና ከሐኪም ካርዳቸው ጋር ነው የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ለአንድ ጉዳይ ስፈልግ ወለሉ ላይ ወደቀ። ገልጬ አየሁት። እጥፋቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ጥቅምት 2014 መጀመሪያ ላይ የወጣ ዓምድ ነው። ከላይ የጸሐፊው ፎቶ አለ፣ ወደ ታች ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረባቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ያሰመሩት አባባ ናቸው። 34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ቀይ እስክሪብቶ ጋዜጣ አያነቡም።

ጋዜጣውንም ሰውዬውንም በስም አልጠራም። ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጠራው ነበር፤ ግን የእሱ ብቻ አይደለም፣ ወደ ኋላ እንደምነግራችሁ እኔም አለሁበት።

ዓምዱ ስለ ደሴ ነው። ያን ሰሞን ቆቦና ወልድያ በትግራይ ኃይሎች ከተያዙ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለ ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቷል። ውጊያው ወደ ውጫሌ ተጠግቷል። ከተማው ውስጥ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ትወጣላችሁ ወይስ ትቆያላችሁ?» ነበር። ጸሐፊው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ደሴ በተራራ የተከበበች ስለሆነች አትደፈርም አለ። ከከተማዋ መውጣት የሚያወሩ ሰዎች የጠላት የሥነ ልቦና ጦርነት መሣሪያ ሆነዋል አለ። አባባ ያሰመሩት እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

እኔ ልጆቼን ይዤ በከሚሴ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ አባባን ለመንኳቸው። እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ» አሉኝ። «የተማረ ሰው ነው የጻፈው። አብሽሪ፣ በሳምንት ትመለሻለሽ።» ለእሳቸው ትውልድ በወረቀት ላይ የታተመ ነገር ክብደት አለው። አፍ ይቀጥፋል፣ ወረቀት ግን ሰው አስቦበት የሚጽፈው ነው ብለው ያምናሉ። እኔም ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም።

ጥቅምት 20 ደሴ ውስጥ ተኩስ ገባ፣ ኮምቦልቻም ወዲያው ተከተለች። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። የከተማዋ ሆስፒታል ተዘረፈ። ደሴ ነፃ ወጣች የተባለው ኅዳር 27 ነው። 37 ቀን መሆኑ ነው። አባባ የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ኢንሱሊን በመርፌ ይወስዳሉ። ማቀዝቀዣ የለም፣ መብራት የለም። መድኃኒቱን ጎረቤታችን እማማ እንስራ ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚያስቀምጡላቸው። እንደዚያም ሆኖ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደርሼ ሳገኛቸው ቀኝ እግራቸው ጠቁሮ ነበር። ሁለት ጣት ተቆረጠ። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉ፣ በከዘራም ቢሆን ይራመዳሉ።

ያ አምደኛ በቀጣዩ ሳምንት ስለ ሌላ ጉዳይ ጻፈ። ደሴ ስትለቀቅ ደግሞ ስለ ድል ጻፈ። ጽሑፎቹን ሁሉ ፈልጌ አንብቤያቸዋለሁ። «ያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር» የምትል አንዲት መስመር የለችም። አባባ ያን ገጽ ለምን እንዳስቀመጡት ጠየቅኳቸው። «ተማሪ ፈተና ወድቆ ወረቀቱን ሳይወስድ ሲቀር ወረቀቱ አስተማሪው ጋ ይቀመጣል። መጥቶ እስኪወስድ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያን ዘመን ዓምዶች እየፈለግኩ አነባለሁ። የአዲስ አበባዎቹን፣ ውጭ ሀገር ሆነው በአማርኛ የሚጽፉትን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉትንም። ሁለቱንም ጎራ፣ ሦስተኛም ካለ ሦስተኛውን። መጀመሪያ ያየሁት ቃላቱን ነው። ጦርነቱ ሲጀመር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 በሆነው ማግስት፣ ስሙ ጦርነት አልነበረም፣ «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ «የህልውና ዘመቻ» ሆነ። ከተማ ሲለቀቅ «ስልታዊ ማፈግፈግ»፣ በዚያኛው ወገን ደግሞ ከተማ ሲያዝ «ነፃ ማውጣት»። አምደኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከሁለተኛው መስመር ሳያልፉ ማወቅ ይቻላል። ግን ይሄ ቀላሉ ነው። አንባቢ ሞኝ አይደለም፣ ቃሉን አይቶ ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ ልክ ሰው ሲናገር የየት ሀገር ሰው እንደሆነ በድምፁ እንደምናውቀው ማለት ነው። የሚጎዳን ማድላት ሌላ ነው። እሱ አይታይም፣ ምክንያቱም የተጻፈ ሳይሆን የተተወ ነገር ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ።

ኅዳር 15 ቀን 2013 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የአማራ ተወላጆች ስለተጨፈጨፉባት ማይካድራ የመጀመሪያ ደረጃ ግኝቱን አወጣ። ቢያንስ 600 ሰው መገደሉን ገለጸ። በእኛ በኩል ያሉ አምደኞች ይህን ቁጥር ያልጠቀሰ አልነበረም፣ መጥቀሳቸውም ትክክል ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ሞቷል። መጋቢት 15 ቀን ይኸው ኮሚሽን ስለ አክሱም መግለጫ አወጣ። በኅዳር ወር የኤርትራ ወታደሮች አክሱም ውስጥ ከመቶ በላይ ንጹሐን መግደላቸውን አመለከተ። አንድ ተቋም ነው። የመርማሪዎቹ አሠራር አንድ ነው። አራት ወር ነው በመካከላቸው ያለው። ኅዳር ላይ ኮሚሽኑን ታማኝ ምስክር ያደረጉ ሰዎች መጋቢት ላይ ዝም አሉ፣ አንዳንዶቹም ኮሚሽኑ ተጠልፏል ብለው ጻፉ። በተቃራኒው ደግሞ አክሱምን በየሳምንቱ የሚያነሱት ማይካድራን የመንግሥት ፈጠራ ሲሉ ነበር፣ የመጋቢቱን መግለጫ ሲያገኙ ግን ያንኑ ሲሰድቡት የነበረውን ኮሚሽን መጥቀስ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ለወራት «የኤርትራ ወታደር የሚባል ነገር የለም» ሲሉ የከረሙም ነበሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጋቢት 14 ፓርላማ ቀርበው የኤርትራ ጦር መግባቱን ሲያምኑ፣ እነዚያ አምደኞች በማግስቱ ለምን መግባቱ ተገቢ እንደሆነ ያስረዱን ጀመር። ትናንት የለም ያሉትን ነገር ዛሬ ልክ ነው ሲሉ መካከል ላይ አንድም ቀን አላረፉም።

ለእኔ ከዚህም የሚቀርበኝ የኮምቦልቻው ነው። ኅዳር 29 ቀን 2014፣ ደሴና ኮምቦልቻ በተለቀቁ ሰሞን፣ የተባበሩት መንግሥታት ቃል አቀባይ መግለጫ ሰጡ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች የምግብ ዕደላ ማቋረጡን ተናገሩ። ምክንያቱ መጋዘኖቹ መዘረፋቸው ነው። የዘረፉትም፣ በደረሳቸው መረጃ መሠረት፣ የትግራይ ኃይሎች አባላትና ከአካባቢው ሕዝብም የተወሰኑ ሰዎች ናቸው አሉ። በዚያው መግለጫ ደግሞ በአማራ ክልል ለእርዳታ የሚውሉ ሦስት የድርጅቱን መኪኖች ወታደሮች ወስደው ለራሳቸው ሥራ እንደተጠቀሙባቸው ተናገሩ።

አንድ መግለጫ፣ ሦስት ነገር። የትግራይ ኃይሎች ዘረፉ። የአካባቢው ሰውም ዘረፈ። የእርዳታ መኪና በወታደር ተወሰደ። ከዚያ በኋላ የወጡትን ዓምዶች ስታነቡ መግለጫው እንደ ዳቦ ተቆርሶ ታገኙታላችሁ። አንዱ የመጀመሪያውን ብቻ ወሰደ። ሌላው የመጨረሻውን ብቻ። መካከለኛዋን፣ «ከአካባቢው ሕዝብም» የምትለዋን፣ ማንም አልፈለጋትም። ለአንደኛው ወገን ታሪኩን ታበላሽበታለች፣ ለሌላኛው ምንም አትጠቅመውም። እኔ ግን የአካባቢው ሕዝብ ነኝ። ያቺ ሐረግ ስለ እኔ ሰፈር ነው የምታወራው። ዱቄቱ በማን በር እንደገባ አይቻለሁ።

አንዳንዶቹ አንባቢዎች አሁን ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ቤትህ እየነደደ ገለልተኛ ሁን አይባልም ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔም ገለልተኛ አይደለሁም። ጳጉሜ 2013 ቆቦ ላይ የሆነውን፣ ገበሬ ከማሳው ከቤቱ እየተጎተተ እንዴት እንደተገደለ ከሸሹት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ፣ የውጭ የመብት ድርጅቶችም ከወራት በኋላ መዝግበውታል። ያን የሰማ ሰው ሁለቱን ወገን በአንድ ሚዛን አስቀምጬ እንደ ዳኛ እመዝናለሁ ቢለኝ አላምነውም። አምደኛ አቋም ሊኖረው ይገባል። ዓምድ የሚባለው እኮ ለዚያ ነው፣ ዜና አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የምትደግፈው ወገን ያጠፋውን ስታውቅ ምን ታደርገዋለህ?

ይሄን ሳስብ ሁሌም የሚመጣልኝ ታሪክ አለ፣ እሱም ከዚሁ ከደሴ ጋር የተያያዘ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ ራሳቸውም በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቀይ መስቀል የተሳለበት የአሜሪካውያን ሆስፒታልም ተመታ። (በፈረንጆቹ ቀን ዲሴምበር 6 ነው። በ2014 ደሴ የተለቀቀችበት ኅዳር 27ም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6 ነው። አባባ ናቸው ያሳዩኝ።) በዚያ ጦርነት ብዙ የውጭ ጋዜጠኞች ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። ለእንግሊዙ ዴይሊ ሜይል የሚጽፈው ኢቭሊን ዎ ለጣሊያን ያደላ ነበር፣ አልደበቀውም። ለታይምስ የሚጽፈው፣ በትውልዱ ደቡብ አፍሪካዊ የሆነው ጆርጅ ስቲር ደግሞ የእኛ ወዳጅ ነበር። እንዲህ በዋዛ ወዳጅ አልነበረም፤ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ልጁን ክርስትና አንስተውለታል፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በእንግሊዝ ጦር ሥር ሱዳን ሆኖ «ባንዲራችን» የተባለውን በአማርኛ የሚታተም የቅስቀሳ ጋዜጣ አዘጋጅቷል። ከዚህ በላይ ወገንተኛ የት ይገኛል?

ግን ይህ ሰው ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ከተማዋ በራሷ ሰዎች ስትዘረፍና ስትቃጠል እዚያው ነበር፣ ያየውንም ጻፈው። ጣሊያን ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። ያን ጽሑፍ ጣሊያኖች «ይኸው፣ አረመኔዎች ናቸው፣ እኛ ሥልጣኔ ልናመጣላቸው ነው» ለማለት ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር። ስቲር ይህን አያጣውም። ሆኖም አልተወውም። ጣሊያኖች ሲገቡ ካባረሯቸው ጋዜጠኞች አንዱም እሱ ነው። በዓመቱ ስፔን ሄዶ ጌርኒካ የተባለች ከተማ በጀርመን አውሮፕላኖች መመታቷን ለዓለም ሲጽፍ፣ የፍራንኮ ደጋፊዎች «ሸሽተው የሄዱት ራሳቸው ናቸው ያቃጠሏት» ብለው ካዱ። የእሱ ቃል ግን ጸና። እኔ እንደሚመስለኝ የአዲስ አበባን ዘረፋ የጻፈ እጅ ስለሆነ ነው ሰው ያመነው።

እዚያው ቦታ ላይ መገኘት ብቻ እንደማይበቃ የሚያሳይ ሌላ ሰው ደግሞ አለ። ኢንድሮ ሞንታኔሊ ጣሊያን ውስጥ እጅግ የተከበረ አምደኛ ነበር። በወጣትነቱ መኮንን ሆኖ በዚያ ጦርነት እኛን ወግቷል። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ተጠቅማለች የተባለውን ለአሥርተ ዓመታት ካደ። መከራከሪያው አንድ ነበር፤ እኔ እዚያ ነበርኩ፣ አላየሁም የሚል። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ሰነድ እያወጣ ሲሞግተው ኖረ። በፈረንጆቹ 1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን አመነ፣ ሞንታኔሊም ሰነዶቹ እንዳሸነፉት በዓምዱ ላይ ጻፈ። ስድሳ ዓመት! በጋዙ የተቃጠሉት አያቶቻችን አብዛኞቹ ያን ጊዜ አፈር ሆነዋል። ግን ይህንንም ቢሆን እላለሁ፤ ጻፈው። በዓምዱ፣ በስሙ፣ በዚያው ሲክድበት በኖረው ብዕር። የእኛ ደሴ አትደፈርም ባዩ እስከ ዛሬ ይህን አላደረገም።

የአሜሪካኖቹን የኢራቅ ጦርነት ታስታውሱ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2003 ትልልቅ ስም ያላቸው አምደኞች ጦርነቱን ደገፉ፣ የኒው ዮርክ ታይምሱ ቶማስ ፍሪድማን አንዱ ነው። የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አልተገኘም። ጋዜጣው በዓመቱ ስለ ዘገባዎቹ ጉድለት ለአንባቢ ማስታወሻ አወጣ፣ አምደኞቹ ግን ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ይህን የማነሳው ችግሩ የእኛ ብቻ ነው ብሎ ራሱን የሚወቅስ ሰው ስላለ ነው።

እኛ ጋ ግን አንድ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። ፍርሃት። እዚህ ሀገር ጽፎ መታሰር አለ፣ በዚያ ጦርነት ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ የታሰሩ ጋዜጠኞች ጥቂት አይደሉም። ልጆች ያሉት አምደኛ አንድን ነገር ፈርቶ ቢተወው እኔ ድንጋይ አልወረውርበትም። መተው ይችላል። የማልቀበለው ፈርቶ የተወውን ነገር ተቃራኒውን ሲጽፍ ነው። ስለ ደሴ የሚያውቀውን መጻፍ ካልቻለ ስለ ደሴ አይጻፍ። ስለ ዝናብ ይጻፍ። አባባ ዝም ያለ ጋዜጣ አንብበው ቢሆን ኖሮ በራሳቸው ዓይን ያዩ ነበር፤ 34 ዓመት ተራራ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ጦሳ ላይ መድፍ የወጣ ቀን ተራራው የማን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ያወቁትን ያስረሳቸው ጽሑፉ ነው።

ውጭ ሀገር ሆነው የሚጽፉት ደግሞ ይህ ሰበብ የላቸውም። የሚያስራቸው የለም። ልጆቻቸው ቆቦ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ እናታቸው መርሳ ላይ ኬላ አታልፍም። «እስከ መጨረሻው» የሚለው ቃል በብዛት የሚገኘው እነሱ ዓምድ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። መጨረሻው እኛ ጋ ነው።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አሁን ትግራይ የለችበትም፣ እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ነው፣ ወሎም አለችበት። ቃላቱ ተቀይረዋል፣ «ጁንታ» ቀርቶ «ጽንፈኛ» መጥቷል፣ በዚያኛው በኩልም የየራሱ መዝገበ ቃላት አለ። አንዱ ወገን በድሮን ስለሞተ ሰው ሲጽፍ በታጣቂ ስለታገተ መምህር አይጽፍም፣ ሌላው ስለታገተው ይጽፍና ስለ ድሮኑ አይሰማም። ባለፈው አንድ ዓምድ ሳነብ «ይሄ ገና ያልተቆረሰ ዳቦ ነው እንዴ?» ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እስከ መጨረሻው አንብቤ ግማሹን አጣሁት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከላይ አለሁበት ብያለሁ።

ታኅሣሥ 2014፣ ወደ ደሴ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ ስላየሁት ነገር አንድ ጽሑፍ ጽፌ አዲስ አበባ ላለ አንድ ጋዜጣ ላክሁ። ስለ ሆስፒታሉ ጻፍኩ፤ ባዶ አልጋ፣ የተነቀለ መሣሪያ፣ የተበተነ የሕሙማን ካርድ። ስለ አባባ እግር ጻፍኩ። ከመጨረሻው በፊት ያለው አንቀጽ ደግሞ ስለ ሰፈራችን ነበር። አዘጋጁ ደወለልኝ። ትሑት ሰው ነው፣ «እህቴ» እያለ ነው ያናገረኝ። ጽሑፉ በጣም ጥሩ ነው፣ በዚህ ሳምንት ይወጣል፣ ያቺን አንዲት አንቀጽ ብቻ ልቁረጣት አለኝ። ለምን አልኩት። «ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም። ጊዜው አይደለም። ለጠላት ጥይት ማቀበል ይሆናል» አለኝ።

እሺ አልኩት።

አንዲት ደቂቃ እንኳን አልተከራከርኩም። ስሜ በጋዜጣ ሊወጣ ነው፣ የአባባ እግር ሊነገር ነው፣ ሀዘኑም ገና ትኩስ ነው። ጽሑፉ ወጣ። ሰው ተቀባበለው፣ የማላውቃቸው ሰዎች ደውለው አለቀሱልኝ። አባባም አነበቡት። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው እስከ መጨረሻው አነበቡና ቀና ብለው፣ «እማማ የታሉ?» አሉኝ። ጋዜጣው ነው የቆረጠው አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። ከመጨረሻው አንቀጽ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ላይ፣ ለተማሪ መልስ ሲጎድል እንደሚያደርጉት፣ ቀይ ክብ አደረጉና ጋዜጣውን መልሰው ሰጡኝ።

ያ ጋዜጣ እኔ ጋ ነው ያለው። እኔም እንደ ሰውዬው ወረቀቴን ሳልወስድ ሦስት ዓመት አለፈኝ። አዘጋጁ ጊዜው አይደለም ካለኝ በኋላ ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ መሪዎቹ ተጨባበጡ፣ አውሮፕላን ወደ መቀሌ በረረ። ጊዜው ነው ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም፣ እኔም አልደወልኩም። የተቆረጠው አንቀጽ አሮጌው ስልኬ ውስጥ ነበር። ትናንት ማታ አግኝቼዋለሁ። አንድም ቃል ሳልቀይር ይኸው፦

«አባቴ በእነዚያ 37 ቀናት የተረፉት በጎረቤታችን ነው። እማማ እንላቸዋለን። ትውልዳቸው ትግራይ ነው፣ ደሴ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል፣ ልጆቻቸውን እዚሁ ወልደው እዚሁ ድረዋል። የአባቴን መድኃኒት እንስራቸው ውስጥ አስቀምጠው ጧት ማታ እያመጡ የሚሰጧቸው፣ ያላቸውን ዱቄት ለሁለት ከፍለው ቂጣ የሚጋግሩላቸው እሳቸው ነበሩ። ታጣቂዎቹ ከተማው ውስጥ እያሉ የእማማ ቤት አልተነካም። የተነካው እነሱ ከወጡ በኋላ ነው። በሩን የሰበሩት ወታደሮች አይደሉም፣ የእኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ እንስራው ሳይቀር ወጣ። እማማ በማግስቱ ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ቡና ጠራችኝ። ረከቦቱን ሳየው አወቅኩት። ቀኝ ጠርዙ ላይ ትንሽ ስብራት አለው፣ ልጅ ሆኜ እኔ ነኝ ጥዬ የሰበርኩት፣ እማማ ያን ቀን ሳይቆጡኝ ቀርተው ነበር። ሴትየዋ አቦሉን ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። ቶናውንም ጠጣሁ። በረካው እስኪደርስ ተቀምጬ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን።»